አሥራ ሁለት ሰከንድ በኑርዬ ደጃፍ

ሙዘይን የተገኘው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ግንባሩን ኪቦርዱ ላይ ደፍቶ ነው። እህቱ ሙጂባ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምሳውን ይዛ ስትገባ ያንቀላፋ መሰላት። «ተነስ እንጂ፣ ቀዘቀዘብህ!» አለችው። ሳህኑን ልታስቀምጥ ስታጎነብስ ግን የካሜራው መቆሚያ ወለሉ ላይ ተጋድሞ አየች፤ ከሦስቱ የብረት እግሮች በአንዱ ላይ ደም ደርቆ ነበር። ጩኸቷን የሐይቅ ከተማ ግማሹ ሰማው።

በማግስቱ ጠዋት ኢንስፔክተር ስህን ከደሴ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደረሰች። የአምባሰል ልጅ ናት፤ ውጫሌ ተወልዳ ያደገች፣ አርባ ዓመት ያለፋት፣ ስትናደድ ድምጿን ከፍ ከማድረግ ይልቅ ዝቅ የምታደርግ ሴት። ጊዜው መጋቢት 2014 ዓ.ም. ነበር። ታጣቂዎቹ ከከተማዋ ከወጡ ሦስት ወር አልፏል፤ የተሰበሩት የሱቅ በሮች ግን ገና በቆርቆሮ እንደተለበዱ ናቸው። በዚያ በመከራው ጊዜ የስህንን ታናሽ ወንድም አንድ ሰው ጠቁሞ ከውጫሌ አስወስዶታል። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቀችም። ከዚያ ወዲህ በሄደችበት ሁሉ ሰዎች «ተይው፣ አልፏል» ሲሏት መንጋጋዋ ይጠብቃል።

በሙዘይን ቪዲዮ ቤት ደጃፍ ላይ ረዳት ሳጅን ከበደ ተቀበላት።

«ጉዳዩ አልቋል ማለት ይቻላል ኢንስፔክተር። ኡበይድን ይዘነዋል።»

«ኡበይድ ማን ነው?»

«ሸሪኩ ነው። እሱ ሠርግ ይቀርጻል፣ ሙዘይን ኮምፒውተሩ ላይ ያቀናብራል። ሐሙስ ቀን ሲጣሉ ጎረቤት ሰምቷል። ካሜራውም ጠፍቷል።»

ስህን በኋላው በር ገብታ ዙሪያውን ቃኘች። የፊት በሩ ከውስጥ ተቆልፏል፤ በኋላው በር ላይ የመሰበር ምልክት የለም። መደርደሪያው ላይ አራት ሌንሶች በጨርቅ ተጠቅልለው በተርታ ተቀምጠዋል።

«ካሜራ የሚሰርቅ ሌባ እነዚህን ትቶ ይሄዳል?» አለች።

 ከበደ አንድ የታሸገ ፖስታ ሰጣት። «ስደርስ የኮምፒውተሩ የዲስክ መሳቢያ ወደ ውጭ ወጥቶ ነበር፤ ይሄ ዲስክ ላዩ ላይ ነበር። ወዲያው ስላሸግሁት ማንም አላየውም። ኮምፒውተሩ ዲስኩን ጽፎ የጨረሰው ስምንት ሰዓት ከአስር ላይ ነው። ስለዚህ ሙዘይን እስከዚያ ድረስ በሕይወት ነበር ማለት ነው።»

«ማሽኑ ጨረሰ ማለት ሰውየው ነበር ማለት ነው?» አለች ስህን። ከዚያ በር ላይ እንዲጠብቅ ነግራው ሙጂባን አስጠራቻት።

ሙጂባ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። የቪዲዮ ሥራ ያስተማራት ወንድሟ ነው። ዓይኖቿ አብጠዋል።

«ዲስኩ ላይ ምን አለ?» አለቻት ስህን።

«የመምህር ኑርዬ ሞት አለበት» አለች ሙጂባ። «ከፊት ለፊታችን ያለው ቤት የእሱ ነው። ያን ጊዜ የሰፈሩን እህል በጎተራው፣ ሦስት ቁስለኞች ደግሞ በጓዳው ደብቆ ነበር። አንድ ሰው ጠቆመበት። አውጥተው መንገድ ዳር ገደሉት። ሙዘይን በመጋረጃው ቀዳዳ ይቀርጽ ነበር። ጠቋሚው በጋቢ ተሸፋፍኖ ታጣቂዎቹን እየመራ ይመጣል፤ በሩን በእጁ ያሳያቸዋል፤ ዞር ሲል ነፋስ ጋቢውን ይገልጠዋል። ሁሉም ነገር ሦስት ሰከንድ ነው። ሙዘይን በስሎው ሞሽን አዘግይቶ አሥራ ሁለት ሰከንድ አደረገው።»

«ፊቱን አይቶታል ማለት ነው?»

«ኮምፒውተሩ ላይ ይታያል። ለእኔ እንኳ አላሳየኝም። ስሙን ንገረኝ ብዬ ለመንሁት። ‹እኔ ብናገር ቂም ነው ይሉኛል፤ ሁሉም በገዛ ዓይኑ ይየው› አለኝ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች የሚያዩት ጎረቤታችን ሽታው ሱቅ ባለው ቴሌቪዥን ስለሆነ ዲቪዲ ላይ አወጣው። ማክሰኞ እዚያው ለሙከራ ከፈተው። አምስት ነበርን፤ እኔ፣ የመምህሩ ሚስት እትዬ ፈዲላ፣ ኡበይድ፣ ባለሱቁ ሽታውና የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አያ ሙነወር። ሁላችንም ፊት እናያለን ብለን ስንጠብቅ ተርገበገበ።»

«ተርገበገበ ማለት?»

«ቴሌቪዥን አንዱን ሥዕል በሁለት ዙር ነው የሚስለው። መጀመሪያ አንድ መስመር እየዘለለ ይወርዳል፣ ከዚያ ተመልሶ የዘለላቸውን ይሞላል። ሥዕሉ በተለመደው ፍጥነት ሲሄድ ዓይን አይለየውም። ሲዘገይ ግን፣ አወጣጡ ካልተስተካከለ፣ ሁለቱ ዙሮች ይጋጫሉ። ጠርዝ ጠርዙ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ፊት የሚባል አይታይም። ኮምፒውተር ላይ ያልነበረ ነገር ቴሌቪዥን ላይ ይመጣል። ሙዘይን አፈረ። ዲስኩን እዚያው ሰበረውና ‹እስከ ሐሙስ ስጡኝ› አላቸው።»

«መላ አገኘለት?»

«ረቡዕ ዕለት አገኘው። የመስመሮቹ ቅደም ተከተል ተገልብጦ ነበር፤ አስተካከለው። ፕሮግራሙ ውስጥ መርገብገብ የምትቀንስ ሳጥን አለች፤ ምልክት አደረገባት። ምስሉንም በትንሹ አለሰለሰው። የሠርግ ጭፈራ አዘግይቶ በቤታችን ቴሌቪዥን ሲያሳየኝ እንደ ፎቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ‹አበቃ፣ ነገ ያዩታል› አለኝ።»

መጋረጃውን ዘግተው ዲስኩን በቪዲዮ ቤቱ ቴሌቪዥን ከፈቱት። በጋቢ የተሸፈነው ሰው መጣ፤ እጁ ወደ በሩ ተዘረጋ፤ ጋቢው ተገለጠ። ፊቱ ሊታይ ሲል ግን ሥዕሉ ሁሉ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ስህን ብታቆመውም ቆሞ ይርገበገባል።

ሙጂባ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ይሄ የወንድሜ ሥራ አይደለም!» ኮምፒውተሩን ከፍታ ፕሮግራሙን አሳየቻት። «ይዩ። ይሄ ፕሮግራም የመጨረሻውን ምርጫ ያስታውሳል። ረቡዕ ምልክት ነበረባት፤ አሁን ተነሥቷል። መስመሮቹ ተመልሰው ተገልብጠዋል። ዋናው ፋይል ተደምስሷል፤ የካሜራው ሚሞሪም የለም። ሙዘይን እንዲህ አድርጎ አያወጣም፣ ወላሂ አያወጣም!»

ስህን ጨለም ያለውን ክፍል ተመለከተች፤ ወንበሩን፣ ጠረጴዛውን፣ በመካከላቸው ያለችውን አንድ ክንድ የማትሞላ ቦታ። ድምጿ ወረደ።

«ገዳዩ ገድሎት አልሮጠም ማለት ነው። ሬሳውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ሥራ ሠርቷል፤ ሲጨርስ መልሶ ኪቦርዱ ላይ ደፍቶታል። ዲስኩ ቢጠፋ ጠቋሚው አጠፋው ይባላል። ዲስኩ ተገኝቶ ካልታየ ግን የሙዘይን ድካም ይሆናል፤ ሞቱም በሌባ ይላከካል።» ወደ ሙጂባ ዞረች። «ከዚህ ውስጥ ፊቱን ማውጣት ትችያለሽ?»

ሙጂባ ፊቷን በሻሿ ጠረገች። «ልሞክር። እስከ አሥር ሰዓት ጊዜ ይስጡኝ።»

«ሥሪው። ዲስኩ መርገብገቡን ግን ለሰው እንዳትነግሪ። ለእናትሽም ቢሆን።»

ሽታው ከጎን ባለው ሱቅ ቴሌቪዥንና ስልክ ይሸጣል። ገና ሳትጠይቀው መናገር ጀመረ። «መብራት ሐሙስ ከጠዋት ጀምሮ አልነበረም። ልክ ሰባት ሰዓት ላይ መጣ። መብራት ሲመጣ ደግሞ ሱቄ ስልክ ቻርጅ በሚያደርግ ሰው ይጥለቀለቃል፤ እስከ ዘጠኝ ቀና አላልሁም። ሻጯን ኑርሀያትን ይጠይቋት፤ ከዚህ ወንበር አልተነሣችም።»

ጥግ ላይ የተቀመጠችው ኑርሀያት «እውነቱን ነው፤ ለሽንት እንኳ አልወጣም» አለች።

«ፀቡን በስንት ሰዓት ሰማህ?»

«ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ኡበይድ ‹ይሄን ብታሳይ ከተማው ይተላለቃል› እያለ ይጮህ ነበር። ከዚያ በሩን አላትሞ ሄደ።»

«ከሙዘይን ሌላ በከተማው ዲስክ ማውጣት የሚችል አለ?»

«ሙጂባ አለች። እኔ እንደነገሩ እሞክራለሁ። ድሮ ደግሞ አያ ሙነወር ነበሩ፤ ወፍጮውን ሳይተክሉ ቪዲዮ ቤት ነበራቸው። የሠርግ ካሴት ወደ ዲስክ የሚገለብጡልን እሳቸው ነበሩ። አሁንማ የሚያውቁት ዱቄት ነው።»

ኡበይድ በተያዘበት ክፍል ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ስህን ስትገባ ፊቱን አዞረ።

«አልገደልሁትም። ደግሜ አልናገርም።»

«ለምን ተጣላችሁ?»

«ፈርቼ ነዋ!» ብሎ ጮኸ። «ጠቋሚው ከእኛው መሃል ነው። አብሮን ያለቀሰ፣ አብሮን የቀበረ ሰው ነው። ፊቱ የታየ ቀን ወንድም ወንድሙን ሊገድል ነው፤ ተወው አልሁት። እሱ ግን ‹ኑርዬ ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው ነው› አለኝ። ተናድጄ ወጣሁና አርዲቦ ሐይቅ ዳር ተቀመጥሁ። ማንም አላየኝም። ምነው ሳልሄድ በቀረሁ!»

«ኮምፒውተሩ ላይ ትሠራለህ?»

«ጣቴ ነክቶት አያውቅም፤ ሙጂባን ይጠይቋት። የእኔ ሥራ ካሜራ ይዞ መቆም ነው።»

«ሙዘይን በሩን ቆልፎ ሲሠራ የኋላውን በር ለማን ይከፍታል?»

ኡበይድ አሰበ። «ለቤተሰብ። ካልሆነም ለሚያከብረው ሰው።»

የሙነወር ወፍጮ ከገበያው በላይ ነው። ሴቶች እህላቸውን ይዘው እስከ መንገዱ ተሰልፈዋል። ከሰልፉ መካከል መስኡዳ የሚሏት ሴት ለስህን እንዲህ አለቻት፦ «ከከተማው አምስት ወፍጮ ሳይዘረፍ የተረፈው የአያ ሙነወር ብቻ ነው። ሰው ለሞተበት ቤት በነፃ ይፈጫሉ። አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው።»

አያ ሙነወር ስልሳ የተጠጉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ነጭ ቆባቸው ላይ ዱቄት በኗል። ስህንን በሁለት እጃቸው ጨበጧት።

«እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ። ይሄ ልጅ ሐዘናችንን አደሰብን።»

«አላህ ይዘንለት። ሐሙስ ከሰዓት የት ነበሩ፣ አያ?»

«ስምንት ሰዓት ሳይሞላ አንድ ጎረቤት ሞቶ ለቅሶ ቤት ገብቻለሁ። የሙጂባ ጩኸት እስኪሰማ አልተነሣሁም፤ አምሳ ሰው ይመሰክራል።»

«ወፍጮዎ እንዴት ሳይዘረፍ ቀረ?»

«አላህ ጠበቀው። ሌላ ምን እላለሁ?»

«ዲስኩን በተመለከተ ሽማግሌዎቹ ምን አሰቡ?»

ሙነወር በረጅሙ ተነፈሱ። «የአላህ ቀደር ሆነና፣ ልጄ፣ ሁለቴ ደከመ፣ ሁለቴም ተርገበገበበት። እንግዲህ ነገሩን ለአላህ ሰጥተን፣ ዛሬ ከጁምዓ በኋላ ልጁን በክብር እንቅበር። ከተማው ሰላም ይፈልጋል።»

ስህን ቃሉን ሰማችው።  ጣቶቿን ኪሷ ውስጥ ጨብጣ፣ «ልክ ነዎት፣ ሰላም ያስፈልጋል። አሥር ሰዓት ላይ ሽታው ሱቅ ሁላችሁንም አናግሬ እመለሳለሁ» አለችና ወጣች። ከዚያ በቀጥታ ለቅሶ ቤት ሄዳ ሙነወር የገቡበትን ሰዓት አረጋገጠች። አልዋሹም፤ ለስምንት አምስት ጉዳይ ላይ ገብተዋል።

ቀብሩ እንዳለቀ ሽታው ሱቅ ሞላ። ሽማግሌዎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደረደሩ፤ ሙነወር ከመካከላቸው ናቸው። ፈዲላ ጥቁር ሻሿን አጥብቃ ከበሩ አጠገብ ቆመች። ኡበይድን ከበደ ይዞት መጣ። ሙጂባ ቴሌቪዥኑ ሥር ተንበርክካለች። ውጭ መንገዱ በሰው ተጨናንቋል።

«አጭር እናገራለሁ» አለች ስህን። «ሙዘይንን ሌባ አልገደለውም። ሌባ ቢሆን ሌንሶቹን አይተውም፤ ኡበይድ ደግሞ ዋጋቸውን ከማንም በላይ ያውቃል። ካሜራው የተወሰደው ሌባ ለማስመሰል፣ ውስጡ ያለውንም ምስል ለማጥፋት ነው።»

ኡበይድ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ዲስኩ ያለቀው ስምንት ከአስር ላይ ነው። ሁላችንም ‹ሙዘይን እስከዚያ ነበር› አልን። ግን መሳቢያው ተከፍቶ፣ ዲስኩ ሳይነሣ ተገኘ። ሙዘይን ሦስት ቀን የለፋበትን ዲስክ እዚያ ላይ ትቶት አይቀመጥም። ያ አሮጌ ማሽን ዲስክ ሲጽፍ ሃያ ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ትእዛዙን ከሰጡት ማንም ሳይኖር ጨርሶ ራሱ ይከፈታል። ገዳዩ ትእዛዙን ሰጥቶ ሄዷል። ስለዚህ ስምንት ሰዓት ላይ ሌላ ቦታ መታየት ማንንም ነፃ አያወጣም።»

ሙነወር እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«መብራት የመጣው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በፊት ኮምፒውተሩ አይሠራም። ስለዚህ ገዳዩ ከሰባት እስከ ስምንት እዚያ ክፍል ውስጥ ነበር። ሽታው በዚያ ሰዓት በሰው ተከብቦ ነበር። ኡበይድ ኮምፒውተር አይነካም። ገዳዩ ግን ይችላል፤ ምልክቷን አንሥቶ፣ መስመሮቹን ገልብጦ፣ የሞተ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ዲስኩን ሆን ብሎ አበላሽቷል። ማበላሸቱን ከየት ተማረ? ማክሰኞ እዚህ ሲርገበገብ ካየው፣ ድሮም ካሴት ወደ ዲስክ ሲገለብጥ ካወቀው።»

«ይሄ ሁሉ ግምት ነው» አሉ ሙነወር በለሆሳስ።

«እሺ፣ ግምቱን እንተወው። አያ ሙነወር፣ ጠዋት ‹ሁለቴ ደከመ፣ ሁለቴም ተርገበገበበት› ብለውኛል። የማክሰኞውን አይተዋል። የሐሙሱ መርገብገቡን ማን ነገረዎት?»



«ከበደ ነው… ከበደ ነግሮኛል።»

«እኔ?» አለ ከበደ፤ ፊቱ ቀላ። «እኔ ምን አይቼ እነግርዎታለሁ? ያሸግሁት ሳልከፍተው ነው፤ ሲከፈትም ውጭ በር ላይ ነበርሁ!»

«ያየነው እኔና ሙጂባ ብቻ ነን» አለች ስህን። «ሦስተኛው የሚያውቅ ሰው የሠራው ነው። ሙጂባ፣ ክፈቺው።»

«ከዚያ ዲስክ ምንም አይወጣም!» አሉ ሙነወር፤ ድምፃቸው ሰለለ።

ሙጂባ ዞራ አየቻቸው። «ወንድሜ ቢኖር ይነግርዎት ነበር፣ አያ። የሚርገበገበው ሥዕሉ ስለጠፋ አይደለም፤ ሁለት ሆኖ ስለሚጋጭ ነው። አንደኛውን ዙር አስወጣሁት። ሌላኛው ቆመ።»

ቴሌቪዥኑ በራ። ሰውየው ቀስ ብሎ መጣ። እጁ ቀስ ብሎ ተነሣና ወደ ኑርዬ በር ተዘረጋ። ነፋሱ ጋቢውን ከትከሻው ላይ አነሣው። ምስሉ ትንሽ ሻካራ ነበር፤ ግን አልተነቃነቀም። ግንባሩ ታየ፣ ከዚያ ዓይኖቹ፣ ከዚያ የተከረከመው ሽበታም ጢም። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት አያ ሙነወር ቴሌቪዥኑ ውስጥ ካሉት አያ ሙነወር ጋር ፊት ለፊት ተያዩ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ያረቢ!» ብለው ከአጠገባቸው ተነሡ። ከዚያ ሌላው ተነሣ። አግዳሚው ላይ ሙነወር ብቻቸውን ቀሩ።

«ወፍጮውን ሊያቃጥሉት ነበር!» አሉ። «ጋዙን አርከፍክፈውት ነበር። ‹እህሉና ቁስለኛው የት እንዳለ አሳየን› አሉኝ። ይገድሉታል ብዬ አላሰብሁም። ይሄ ሁሉ ሕዝብ ምን ይበላ ነበር? እስቲ ተናገሩ፣ ማን ይፈጭላችሁ ነበር?»

«ሙዘይንንስ?» አለች ሙጂባ።

«ለመንሁት። ፊቴን ስክሪኑ ላይ ሲያሳየኝ ለመንሁት። ‹ለእትዬ ፈዲላ ይንገሩ› አለኝ። ወደ ስክሪኑ ዞረ… አላውቅም። አላውቅም ምን እንደያዘኝ።»

«እኔ አውቃለሁ» አለች ስህን። ድምጿ ከሹክሹክታ ብዙም አይበልጥም። «ከመታኸው በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቁጭ ብለህ ሠርተሃል። ከዚያ ታጥበህ ለቅሶ ሄደሃል።» አንቱታውን መተዋን ራሷም አላስተዋለችም። አንገትጌውን ይዛ አስነሣችው።

ውጭ ያለው ሕዝብ ሰምቷል። ጩኸቱ በሩን ገፋው። «አውጪው! ለእኛ ስጪን!» ይላል አንዱ። «ወፍጮውን አቃጥሉት!» ይላል ሌላው። ከበደ በሩን በጀርባው ደግፎ ስህንን አያት። ስህን የሙነወርን አንገትጌ እንደያዘች ቆመች። ወንድሟ ትዝ አላት። እጇን ብትለቅ ምን እንደሚሆን ታውቃለች፤ ለአንድ አፍታ መልቀቅ ፈለገች። ያን መፈለጓ ይብሱን አናደዳት። «መኪናውን አስጠጋ» አለችው ከበደን።

ከሁሉም ቀድማ ወደ ደጅ የወጣችው ፈዲላ ናት። ክብሪት ይዞ ወደ ላይ የሚሮጠውን ጎረምሳ ጋቢውን ይዛ አስቆመችው።

«ማን ነህ አንተ? ያ ወፍጮ በማን ደም ነው የተረፈው? በኑርዬ ደም ነው! የባሌን ዋጋ የምታቃጥለው አንተ ማን ሆነህ ነው?»

ጎረምሳው አፈረ። ሰዉ ወደ ኋላ አለ። ፈዲላ ወደ ሙነወር ዞረች፤ ከበደ መኪናው ላይ እያወጣው ነበር።

«በነፃ እየፈጨህ አበላኸኝ» አለችው። «ሦስት ወር ሙሉ ልጆቼ ከእጅህ እየበሉ መረቁህ። ኑርዬን ከገደልህበት ይልቅ በዚህ ነው የማልምርህ።»

ሙነወር አንገቱን ደፋ። መኪናው በሕዝቡ መካከል እየተጋፋ ወጣ።

ስህን የሙጂባንና የኡበይድን ቃል ለመቀበል እዚያው አደረች። በማግስቱ ጠዋት ወደ ሚኒባሱ ስትሄድ በገበያው በላይ አለፈች። ሴቶቹ እንደወትሮው እህላቸውን ይዘው መጥተዋል፤ ግን አንዷም ከደጁ አላለፈችም። ፈጪው ማብሪያው አጠገብ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ልጆች ርቧቸው ያለቅሳሉ። መስኡዳ እህሏን መሬት ላይ አስቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች።

ፈዲላ ማሽላዋን በጀርባዋ አዝላ ዳገቱን ወጣች። ሰልፉ ከፈል ብሎ አሳለፋት። ደጁን ተሻግራ ገባች፤ ጆንያውን የወፍጮው እህል መጨመሪያ ጠርዝ ላይ ደገፍ አድርጋ አፉን ፈታችው።

«አስነሣው» አለችው ፈጪውን። «ከዛሬ ጀምሮ ይሄ የኑርዬ ወፍጮ ነው። የሚያስወጣኝ ካለ ይምጣ።»